የእንግሊዝኛ ንባብን በ12 ሳምንት ማጠናከር፦ ለሀዋሳ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የአሠራር መመሪያ

ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ የባዮሎጂውን፣ የፊዚክሱንና የጂኦግራፊውን መጽሐፍ የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛ ንባቡ ደካማ ከሆነ ሁሉም የትምህርት ዓይነት አብሮ ይጎዳል። መምህራን ዘወትር «ቃላት አያውቁም» ይላሉ፤ እውነት አለው። የበለጠ የሚጎዳው ግን ተማሪው ከአቅሙ እጅግ የከበደ ጽሑፍ በየቀኑ ሲጋፈጥ መክረሙና አቅሙን የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ በብዛት አንብቦ አለማወቁ ነው። ከባድ ጽሑፍ ላይ መንገታገት ማንበብ አያስተምርም፤ ተማሪው ቃል እየለቀመ መገመትን ብቻ ይለምዳል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር 60 ያህል ተማሪ ላለበት ክፍል፣ ለአንድ መምህርና ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የታሰበ ነው። ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክና በሳምንት ጥቂት ገጽ ፎቶኮፒ ይበቃል።

1. ከማስተማር በፊት መለካት

ከሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ 150 ያህል ቃል ያለው፣ ተማሪዎቹ በቅርብ ያላነበቡት አንቀጽ ምረጡ። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ ለተማሪው፣ አንዱ ለእናንተ። በእናንተ ቅጂ ላይ በየመስመሩ መጨረሻ እስከዚያ ያለውን የቃል ብዛት በእርሳስ ጻፉ፤ ኋላ መቁጠር ያቀልላችኋል።

ተማሪውን ለብቻው ጠርታችሁ አንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብ። የሳተውን ቃል ሰርዙ፤ ሦስት ሰከንድ ቆሞ ካልወጣለት ቃሉን ንገሩትና እሱንም እንደ ስህተት ቁጠሩ። የአነጋገር ዘዬ ስህተት አይደለም። «ቪ»ን እንደ «ብ» ቢያነብ ቃሉን አውቆታልና ይለፍ። ደቂቃው ሲያልቅ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት መዝግቡና ስላነበበው ነገር ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። ጥያቄውም መልሱም በአማርኛ ወይም በሲዳሙ አፎ ይሁን። በእንግሊዝኛ ከጠየቃችሁት የምትለኩት መናገሩን ይሆናል፤ ገብቶት እያለ ዝም የሚለው ብዙ ነው።

ለአንድ ተማሪ ሁለት ደቂቃ ከተሰጠ ክፍሉ በሁለት ሰዓት ያልቃል። ሌሎቹ የጽሑፍ ሥራ ሲሠሩ በአራት ክፍለ ጊዜ ከፋፍላችሁ መጨረስ ይቻላል። በጓደኞቹ ፊት እንዲያነብ አታድርጉ፤ የሚያፍር ተማሪ ከእውነተኛ አቅሙ በጣም ዝቅ ብሎ ይታያል።

ለምደባ መነሻ የሚሆኑ ልኮች እነዚህ ናቸው፦ በደቂቃ ከ50 ቃል በታች በትክክል ያነበበ አንደኛ ቡድን፣ ከ50 እስከ 90 ያነበበ ሁለተኛ ቡድን፣ ከ90 በላይ አንብቦ ሁለቱንም ጥያቄ የመለሰ ሦስተኛ ቡድን። ከ90 በላይ አንብቦ ምንም ያልመለሰ ተማሪ ቦታው ሁለተኛው ቡድን ነው። እንዲህ ዓይነቱ ልጅ አፉ ስለሚፈጥን ጎበዝ ተብሎ ይታለፋል። በሁሉም ክፍል አለ፤ እርዳታ ሳያገኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚደርሰውም እሱ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ወረቀቱን አንድ ስንዝር ድረስ ወደ ዓይኑ የሚያስጠጋ ወይም ሰሌዳውን ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ ተማሪ ካለ ለብቻ መዝግባችሁ ለወላጆቹ አሳውቁ። የዓይን ምርመራ ሳይደረግለት የንባብ ልምምድ መስጠት ልጁን ማድከም ነው።

2. አንደኛው ቡድን፦ ፊደልና ድምፅን ማገናኘት

ሀዋሳ ውስጥ በአማርኛ ፊደል የቆጠረና በሲዳሙ አፎ የተማረ ተማሪ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። ስህተታቸው አንድ አይደለም፤ መድኃኒቱም እንዲሁ።

በአማርኛ የጀመረው ተማሪ እያንዳንዱ ፊደል ከነአናባቢው የተወሰነ ድምፅ ስላለው የጻፉትን ያነባል። እንግሊዝኛ ግን በ26 ፊደል 44 ያህል ድምፅ ይጽፋል፤ ስለዚህ ያው ፊደል እንደ ቦታው ይለዋወጣል። በሲዳሙ አፎ የተማረው የላቲን ፊደሎቹን አስቀድሞ ያውቃል፤ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። ነገር ግን በሲዳሙ አፎ ጽሕፈት «ሲ» የተባለው ፊደል የ«ጭ»ን፣ «ኤክስ» የ«ጥ»ን፣ «ኪው» የ«ቅ»ን ድምፅ ይሰጣል። አናባቢዎቹም አይለዋወጡም። ይህን ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ሲያመጣ ቃሉ ሌላ ሆኖ ይወጣል። «ተሳስተሃል» ከማለት «ይህ ፊደል በሲዳሙ አፎ እንዲህ ይነበባል፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ እንዲህ» ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ማሳየት በአንድ ቀን የሚገባው ነገር ነው።

ለዚህ ቡድን ለስድስት ሳምንት በየቀኑ 10 ደቂቃ ስጡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

በመጀመሪያው ሳምንት አጭር አናባቢ ያላቸው ባለ ሦስት ፊደል ቃላት። በሁለተኛው ሳምንት በመጨረሻ ላይ የሚቆመውና ራሱ የማይነበበው «ኢ» ፊደል፤ ይህ ፊደል ሲጨመር «ካፕ» «ኬፕ»፣ «ፒን» ደግሞ «ፓይን» ይሆናል። በየቀኑ 10 ጥንድ አሠሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ፊደል አንድ ድምፅ የሚሰጡባቸው፦ «ሽ»፣ «ች»፣ እና በአማርኛ የሌለው፣ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥቶ የሚነገረው ድምፅ። በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ጥንድ አናባቢዎች፤ እዚህ ላይ ብዙ ልዩነት ስላለ አትቸኩሉ። በስድስተኛው ሳምንት «ሽን» ተብሎ የሚነበበውን የቃል መጨረሻና ረጃጅም ቃላትን በክፍለ ቃል ቆርጦ ማንበብ። የሳይንስ መጻሕፍት በእነዚህ ረጃጅም ቃላት የተሞሉ ናቸው፤ ቆርጦ ማንበብ የለመደ ተማሪ «ክላሲፊኬሽን»ን ሲያይ አይደነግጥም።

አናባቢ ሳይኖር ተከታትለው የሚመጡ ተነባቢዎች ላይ ተማሪዎች «እ» ያስገባሉ፤ «ስትሪት»ን «እስትሪት» ይላሉ። ይህን ለማረም ጊዜ አታጥፉ። መረዳትን አያደናቅፍም።

የሚያደናቅፈው በአንድ ድምፅ ማንበብ ነው። መምህሩ ይላል፣ ክፍሉ ይደግማል፤ ሃምሳ ልጅ ሲጮህ አሥሩ የማያነቡ በድምፁ ተሸፍነው ያልፋሉ። አንዳንዱ አንቀጹን በጆሮው ሸምድዶ ወረቀቱን ሳያይ «ያነባል»። ለማጣራት ከአንቀጹ መካከል ወይም ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነጠላ ቃላትን በጣት አመልክታችሁ ጠይቁ። በድምፅ ማንበብ ካስፈለገ በጥንድ ይሁን፦ ከሦስተኛው ቡድን አንድ፣ ከአንደኛው አንድ። ጎበዙ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ ጓደኛው ያንኑ ይደግማል፤ ከዚያ ያለ እርዳታ ብቻውን ያነባል። ያው 100 ቃል በሳምንት ሦስት ቀን ሲደገም በሦስተኛው ቀን ፍጥነቱ በግልጽ ይለወጣል፤ ልጁም ለውጡን ራሱ ያየዋል።

3. ለተማሪው የሚመጥን ጽሑፍ ማግኘት

ሥራው ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ተማሪ አንድን ጽሑፍ ያለ እርዳታ እንዲረዳ ከ100 ቃል 98 ያህሉን ማወቅ አለበት። በተግባር እንዲህ መዝኑ፦ ከጽሑፉ 100 ቃል ቁጠሩ፤ ተማሪው የማያውቀውን ቃል እያከበበ ያንብብ። እስከ 2 ቃል ከሆነ ለብቻው ሊያነበው ይችላል። ከ3 እስከ 5 ከሆነ በክፍል ውስጥ ከመምህር ጋር ይሠራበታል። ከ5 በላይ ከሆነ ለጊዜው ይቀመጥ። በዚህ ሚዛን ሲታይ የዘጠነኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ በሦስተኛው ረድፍ ይወድቃል። ይህ ማለት መጽሐፉ ይጣል ማለት አይደለም፤ የንባብ ልምምዱ ግን በእሱ አይጀመርም።

ቀላል ጽሑፍ ከየት ይመጣል? አንደኛ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት። «የልጆች ነው» ብለው እንዳያፍሩ ሽፋኑን በጋዜጣ ጠቅልሉት። ሁለተኛ፣ በደረጃ የተዘጋጁ ቀጫጭን የታሪክ መጻሕፍት፤ በ400፣ በ700፣ በ1000 ቃላት የተወሰኑ ተብለው የሚታተሙ ሲሆን የቃሉ ብዛት ዘወትር በጀርባ ሽፋኑ ላይ ይገኛል። ሦስተኛ፣ በኢንተርኔት ላይ ያለው የዊኪፒዲያ የቀላል እንግሊዝኛ ዘርፍ፤ በተለይ ለሳይንስና ለጂኦግራፊ ርዕሶች ይጠቅማል። ቀላል ይባል እንጂ ከባድ አንቀጽም አለውና ሳትመዝኑ አታትሙ።

አራተኛውና ከሁሉ የሚሻለው ራሳችሁ የምትጽፉት ነው። ተማሪው ነገሩን አስቀድሞ ሲያውቀው የማያውቀውን ቃል ከነገሩ ይደርስበታል። ስለዚህ የሀዋሳን ነገር ጻፉ፦ አሞራ ገደል ጠዋት ዓሣ እንዴት እንደሚወርድና እንደሚሸጥ፣ እንሰት ተፍቆ ቆጮ እስኪሆን ያለፈበት ደረጃ፣ ከታቦር ተራራ ላይ ከተማው እንዴት እንደሚታይ፣ ሐይቁ ዳር የሚሰበሰቡት አባ ኮዳ የተባሉት ትላልቅ ወፎች ምን እንደሚበሉ፣ የባጃጅ ሹፌር የቀን ውሎ። የእንሰቱ ጽሑፍ ለብቻው ብዙ ያስተምራል፤ «መጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ ከዚያ በኋላ» የሚሉት የቅደም ተከተል ቃላት በሙሉ ይገቡበታል፤ የባዮሎጂ መጽሐፍም የሚጽፈው በዚያው አካሄድ ነው።

ርዝመቱ ለሁለተኛው ቡድን ከ150 እስከ 250 ቃል ይሁን። ዓረፍተ ነገሩ ከ12 ቃል አይብለጥ። አንድ አንቀጽ አንድ ነገር ብቻ ይናገር። ጽፋችሁ እንደጨረሳችሁ ለሦስት ደካማ ተማሪዎች ሰጥታችሁ የማያውቁትን ያክብቡ፤ ሦስቱም ያከበቡትን ቃል በሌላ ቃል ቀይሩት። ሁለት ኤ4 ወረቀት ፊትና ጀርባ ታትሞ ከመሃል ሲታጠፍ ባለ 8 ገጽ ትንሽ መጽሐፍ ይሆናል። ለ60 ተማሪ በሁለት አንድ ከሆነ 30 ቅጂ፣ 60 ወረቀት ይፈጃል። ሰብስባችሁ ካስቀመጣችሁት ለሌላው ክፍልና ለሚቀጥለው ዓመት ያገለግላል።

4. የዓረፍተ ነገር አፈታት

ሁለተኛው ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። ቃላቱን ሁሉ እያወቀ ዓረፍተ ነገሩ ይጠፋበታል።

ምክንያቱ ቅደም ተከተሉ ነው። አማርኛም ሲዳሙ አፎም ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ስምን የሚገልጸውን ደግሞ ከስሙ በፊት ያመጣሉ። እንግሊዝኛ ግሡን መሃል ያደርግና ረጅሙን ገላጭ ከስሙ ኋላ ይሰድዳል። ይህን ለማሳየት የአማርኛ ቃላትን በእንግሊዝኛ ቅደም ተከተል በሰሌዳ ላይ ጻፉ፦

ገበሬዎቹ / ሰብላቸው የጠፋባቸው / ወንዙ ሲሞላ / ባለፈው ዓመት / ተቀበሉ / ዘር።

«ዘሩን የተቀበሉት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው «ባለፈው ዓመት» ይላል፤ ምክንያቱም «ባለፈው ዓመት» የሚለው ከ«ተቀበሉ» አጠገብ ቆሟል። ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ግን ባለፈው ዓመት ወንዙ ሞላ ነው፤ ዘሩ መቼ እንደተሰጠ አልተነገረም። ተማሪዎቹ ስህተቱን በራሳቸው ቋንቋ ቃላት ሲያዩት የእንግሊዝኛው ጉድጓድ የት እንዳለ ይገባቸዋል።

ከዚያ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ እርሳስ ይዘው እንዲህ ይሥሩ። በመጀመሪያ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያሉትን ግሦች በሙሉ ያስምሩ። ቀጥሎ «ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዛት»፣ «ዌን»፣ «ቢኮዝ» የሚሉትን ይፈልጉና እነሱ ከጀመሩበት እስከሚያበቁበት በቅንፍ ይዝጉ። ከቅንፍ ውጭ የቀረው ግሥ ዋናው ነው። «ማን?» ብለው ይጠይቁና ባለቤቱን ያክብቡ። ባለቤቱንና ዋናውን ግሥ ብቻ ያንብቡ፤ ትርጉም መስጠት አለበት። በመጨረሻ ቅንፎቹን አንድ በአንድ ይመልሱ።

ቅንፉ የት እንደሚዘጋ ማወቅ ከባዱ ክፍል ነው። መላው ይኸው፦ ሌላ ግሥ እስኪመጣ ሂዱ፤ ያ ግሥ የቅንፉ ውስጥ ባለቤት የሌለው ከሆነ ቅንፉ ከእሱ በፊት ይዘጋል።

ሁለት ወጥመዶችን ለብቻ አስተምሩ። የመጀመሪያው «ዊች» ሲጣል የሚፈጠረው ነው። «ዘ ፊሽ ኮት ኢን ዘ ሌክ ኢዝ ሶልድ ኢን ዘ ሞርኒንግ» የሚለውን ተማሪ «ዓሣው ሐይቁ ውስጥ ያዘ…» ብሎ ይጀምርና «ኢዝ ሶልድ» ላይ ሲደርስ ይጠፋዋል። «ኮት» እዚህ «የተያዘው» ማለት ነው፦ ሐይቁ ውስጥ የተያዘው ዓሣ ጠዋት ይሸጣል። ምልክቱ ኋላ ሌላ ግሥ መምጣቱ ነው። በሳይንስ መጽሐፍ ይህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር በየገጹ አለ።

ሁለተኛው ተውላጠ ስም ነው። አማርኛ ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ስለሚሸከም ተማሪ «ኢት»ን፣ «ዜይ»ን፣ «ዚስ»ን እንደ ባዶ ቃል ይዘላቸዋል። እያንዳንዱን አክብበው ወደሚያመለክተው ነገር ቀስት እንዲስሉ አድርጉ። «ዚስ» አንዳንዴ የሚያመለክተው አንድ ስም ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ሐሳብ በሙሉ ነው፤ ቀስቱ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ መያዝ አለበት።

አያያዥ ቃላትም እዚሁ ይገባሉ። «ሀውኤቨር» እና «ኦልዞው» ሐሳብ ይገለብጣሉ፤ «አንለስ» ደግሞ ውስጡ አፍራሽ ስላለው («ካልሆነ በስተቀር») የዘለለው ተማሪ ትርጉሙን በትክክል ተቃራኒ አድርጎ ይወስዳል። በሳምንት ሁለት አያያዥ ብቻ፣ በአምስት አምስት ዓረፍተ ነገር።

ከአንድ ጽሑፍ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ፍቱ። ሁሉንም ልፍታ ካላችሁ ንባቡ ይሞትና የሰዋስው ክፍለ ጊዜ ይሆናል።

5. ክፍለ ጊዜው ውስጥ

ለአንድ ጽሑፍ 40 ደቂቃ እንዲህ ይከፈላል። ለመግቢያ 5 ደቂቃ፦ ርዕሱን አንብበው ጽሑፉ ስለ ምን እንደሚያወራ በፈለጉት ቋንቋ ይገምቱ፤ ያለ እነሱ ጽሑፉ የማይገባባቸውን 4 ወይም 5 ቃላት ብቻ አስተዋውቁ። 20 ቃል በሰሌዳ ላይ መደርደር የተለመደ ነው፤ ጊዜውን ይበላል፤ ልጆቹም ሲያነቡ ዓይናቸው ከወረቀቱ ይልቅ ሰሌዳው ላይ ይሆናል። ቀጥሎ 5 ደቂቃ ዝም ብለው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ያንብቡ፤ ጥያቄው ከማንበባቸው በፊት ይሰጥ። ከዚያ 10 ደቂቃ ዳግመኛ ለዝርዝር ጥያቄዎች ያንብቡ፤ ለእያንዳንዱ መልስ የተገኘበትን መስመር ቁጥር ይጻፉ። መስመር ቁጥሩ መገመትን ያስቀራል፤ መልሱ ልክ ሆኖ መስመሩ ከተሳተ አልገባውም ማለት ነው። 10 ደቂቃ ለዓረፍተ ነገር መፍታት ይሰጥ። በመጨረሻ እናንተ በጥሩ ድምፅ አንብቡላቸው፤ እነሱ በዓይናቸው ይከተሉ።

ተማሪዎች በየተራ አንድ አንድ አንቀጽ ጮክ ብለው የሚያነቡበትን ልማድ ተዉት። አንዱ ሲያነብ ሃምሳ ዘጠኙ የራሳቸውን ተራ እየቆጠሩ ነው። መምህሩ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ የሚመልስበትንም እንዲሁ፤ ተማሪው እንግሊዝኛውን ማየት ትቶ አማርኛውን መጠበቅ ይለምዳል።

6. ቃላት

በሳምንት 10 ቃል ይበቃል፤ በ12 ሳምንት 120 በእርግጥ የታወቀ ቃል ከ500 የተረሳ ቃል ይሻላል። ምርጫው ይወስናል። በእንግሊዝኛ በብዛት የሚመላለሱት የመጀመሪያዎቹ 2000 ያህል የቃል ቤተሰቦች ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ አራት አምስተኛውን ያህል ይሸፍናሉ። በሁሉም የትምህርት ዓይነት የሚገኙ 570 ያህል የቃል ቤተሰቦች ደግሞ ተጨማሪ 10 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። ተማሪዎች ግን ከዜናና ከፊልም የሰሙትን ብርቅ ቃል መጻፍ ይወዳሉ። መጀመሪያ 2000ዎቹ ይሙሉ።

ኤ4 ወረቀት ስምንት ቦታ ቆርጣችሁ ካርድ አሠሩ። በፊቱ ቃሉ፣ በጀርባው ትርጉሙ በሚቀናቸው ቋንቋና ቃሉ የተገኘበት ዓረፍተ ነገር። በተጻፈ በማግስቱ፣ በአራተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱ ይከለስ። ያወቀውን ወደ አንድ ፖስታ፣ የረሳውን ወደ ሌላ ይክተት።

ከመጽሐፉ በእያንዳንዱ ቃል ራስ ላይ አማርኛ መጻፍ ይከልከል። ዓይን ቀላሉን ይመርጣል፤ በሁለተኛው ንባብ የሚያነበው አማርኛውን ብቻ ነው። ማስታወስ ከፈለገ በኅዳጉ ላይ ነጥብ ያድርግ።

የታወቀ ቃል በሌላ ትምህርት ሌላ ሲሆን ደግሞ አስጠንቅቁ። «ፓወር» በሲቪክስ ሥልጣን ነው፤ በሒሳብ ቁጥር በራሱ ስንት ጊዜ እንደሚባዛ ይናገራል፤ በፊዚክስ ሥራ በምን ያህል ጊዜ እንደተሠራ ይለካል። «ሴል» በባዮሎጂና በኤሌክትሪክ፣ «ወርክ» በቤትና በፊዚክስ እንዲሁ ናቸው። የባዮሎጂና የፊዚክስ መምህራን በሳምንት ከየመጽሐፋቸው አምስት አምስት ቃል ቢሰጧችሁ የሁላችሁም ሥራ ይቀላል።

7. ፍጥነት

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ 10 ደቂቃ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቡድን ብቻ ነው።

300 ቃል ያለውና ምንም አዲስ ቃል የሌለበት ጽሑፍ ስጡ። «ጀምሩ» ካላችሁ በኋላ በየ10 ሰከንዱ ያለፈውን ጊዜ በሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ተማሪው ሲጨርስ ቀና ብሎ ያየውን ቁጥር ይመዘግባል። ወረቀቱን ገልብጦ ሳያይ 5 ጥያቄ ይመልሳል። ስሌቱ፦ የቃላቱ ብዛት በ60 ተባዝቶ ለሰከንዱ ይካፈላል። 300 ቃል በ150 ሰከንድ ያነበበ በደቂቃ 120 ቃል አነበበ ማለት ነው። በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ይሣል፤ አንዱ ፍጥነት፣ አንዱ ያገኘው ነጥብ።

ከ5 ጥያቄ 4 ማግኘት ትክክለኛው ፍጥነት ነው። ደጋግሞ 5 የሚያገኝ ይፍጠን። 3 እና ከዚያ በታች ያገኘ ቀጣዩን ጽሑፍ ቀስ ይበል። ፍጥነቱ ብቻ ከታየ ልጆቹ ሳያነቡ ገጽ መጥረግ ይጀምራሉ፤ በተለይ ጓደኞቻቸው ውጤቱን የሚያዩት ከሆነ። ስለዚህ ሠንጠረዡ የግል ይሁን።

የማይፈጥን ተማሪ ዘወትር ከሦስት አንዱን ያደርጋል። ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ እርሳስ በከንፈሩ ይያዝ። ወይም ያነበበውን መልሶ መልሶ ያነባል፤ ያለፈውን መስመር በካርድ እየሸፈነ ይውረድ። ወይም በጣቱ ቃል በቃል ይከተላል፤ ጣቱን ወደ ቃላት ስብስብ ያሳድገው። ለአንደኛው ቡድን ግን ጣት አስፈላጊ ነው፤ አትከልክሉት።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ የኮምፒውተር ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች ከአንዱ ቀን በከፊሉ ከስክሪን ቢያስነብቡ ይጠቅማል። በስክሪን ላይ አስምሮ መፍታት አይቻልም፤ በተቀደደ ወረቀት ላይ ባለቤቱንና ግሡን መጻፍን ይልመዱ።

8. የካርቶን ቤተ መጻሕፍት

ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ ቀጫጭን መጻሕፍትንና የታጠፉ ጽሑፎችን በአንድ ካርቶን ሰብስቡ። በጀርባቸው በሦስት ቀለም ነጥብ ደረጃቸውን ምልክት አድርጉ። የክፍል አለቃው በደብተር ይመዝግብ፦ ስም፣ ርዕስ፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። ብድሩ ለአንድ ሳምንት ነው። ዓርብ 15 ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ ያንብብ፤ መምህሩም የራሱን መጽሐፍ ይዞ ያንብብ። ደብተር እያረመ የሚቀመጥ መምህር ባለበት ክፍል ጸጥታው አምስት ደቂቃ አይቆይም።

ስለ መጽሐፉ ፈተና አትስጡ። «ወደድኩት፣ አልወደድኩትም፣ ከበደኝ» ከሚሉት አንዱን በደብተሩ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ያልወደደውን መጽሐፍ ሳይጨርስ መመለስ ይፈቀድለት። የጠፋ መጽሐፍ ማስከፈልም ብድሩን ይገድለዋል፤ ድሃው ልጅ ከመጀመሪያው አይበደርም። በዓመት ጥቂት እንደሚጠፋ አስቡና ቅጂ አዘጋጁ። ካርቶኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁ ቁልፉን ርዕሰ መምህር ጋ ካስቀመጣችሁት መጻሕፍቱ አዲስ እንደሆኑ ዓመቱ ያልቃል።

ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆችም ይረዳሉ። ልጁ 20 ደቂቃ ካነበበ በኋላ ያነበበውን በቤቱ ቋንቋ ይንገራቸው፤ እነሱ «ከዚያስ?» ብለው ይጠይቁት። መናገር ካልቻለ አልገባውም፤ ተመልሶ ያንብብ።

9. ዳግም መለካት

በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ልኬት ድገሙ። አንቀጹ ሌላ፣ ደረጃው ግን ያው የሰባተኛ ክፍል ይሁን። ያንኑ አንቀጽ ብትደግሙ የምትለኩት ትውስታን ነው። በስድስተኛው ሳምንት 50ን ያለፈ የአንደኛ ቡድን ተማሪ ወደ ሁለተኛው ይሻገር። ያልተንቀሳቀሰ ተማሪ ካለ የቀረባቸውን ቀናት ቁጠሩ፤ ሳይቀር ተምሮ ያልተለወጠ ከሆነ በአማርኛ ወይም በሲዳሙ አፎ አንድ ገጽ አስነብቡት። በራሱ ቋንቋም የሚቸገር ከሆነ ችግሩ የእንግሊዝኛ አይደለምና ከቋንቋው መምህር ጋር አብራችሁ ጀምሩ። በራሱ ቋንቋ አቀላጥፎ የሚያነብ ከሆነ ወደ ክፍል 2 ተመልሳችሁ የትኛው የፊደል ጥምረት ላይ እንደቆመ ለዩና ከዚያ ሳምንት ቀጥሉ።